በሁለተኛውና በሦስተኛው ደወል መካከል

ሬሳው የተገኘው ሰኞ ጠዋት፣ «መዋኘት ክልክል ነው» በሚለው ሰሌዳ ሥር ነው።

ፔሳሚኖ ከጎኑ ቆሞ ጠበቀን። የመንደራችን የፋንጋሎሎ የጎበዝ አለቃ ነው። ማታ የጸሎት ደወል ሲመታ ጎበዛዝቱን መንገድ ዳር አሰልፎ፣ መኪናም ሰውም እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው እሱ ነው። ትከሻው በር ያህላል። ያን ጠዋት ግን እጁን የሚያደርግበት ያጣ ይመስል ነበር።

«ሌሊት ውኃው ጥሏት ነው» አለ። «ጎህ ሲቀድ መረብ ልሰበስብ ወጥቼ አየኋት።»

«ነካሃት?»

«ጎትቼ ከውኃው አወጣኋት። ሌላ ምን ላድርግ?»

ሟቿን አውቃታለሁ። ማሪት ሃስኬል ትባላለች፣ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። በቴዊላ የእንግዳ ጎጆ ሦስት ሳምንት ተቀምጣለች። ትናንት እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከኋላችን ተቀምጣ መዝሙሩን በተሳሳተ ዜማ ስትከተል ሰምቻታለሁ። አሁን ሽርጥ እንዳገለደመች፣ እጅጌው ረዥም ሸሚዝ እንደለበሰች ተኝታለች። የውኃ ጫማዋ ሰሌዳው ሥር ጎን ለጎን ተቀምጧል፤ አፍንጫው ወደ ባሕር ዞሯል።

የፖሊስ ባልደረባዬ ሮፓቲ ጡረታ ሊወጣ አምስት ወር ቀርቶታል። ጫማውን አየና ወገቡን ይዞ ቀና አለ።

«በቃ፣ አለቀ። አወለቀች፣ ገባች፣ ሰጠመች። በየዓመቱ አንድ ነጭ ለዚህ ውኃ እንገብራለን። ሰሌዳ የሚያነብ የለም።»

«በሽርጥ ነው የምትዋኘው?»

«አንቺስ በምንድነው የምትዋኚው? ለእንግዶች በሚሰጠው መመሪያ ላይ ራሱ ተጽፏል፤ ሴቶች ይሸፋፈኑ ይላል።»

እውነቱን ነው። ግን ዓይኔ ውኃው ላይ ቀረ። እዚያ ቦታ ማዕበሉን የሚያግደው የኮራል ዐለት ተከፍሏል፤ ውኃው በዚያ በር ወደ ውቅያኖስ ይወጣል እንጂ አይመለስም። እናቴ ገና መዳህ ሳልጨርስ አስፈራርታኛለች። እኔም የሰባት ዓመቷን ፌቱን ወደዚያ ስታይ እንኳ እጮህባታለሁ። የወደቀ ኮኮነት ከዚያ በር ሲመለስ ያየ ሰው የለም።

«ፔሳሚኖ፣ በዚህ በር የወጣ ሰው መቼ ነው ተመልሶ የሚያውቀው?»

«የእግዚአብሔር ሥራ ነው» አለ። ዓይኔን ግን አላየኝም።

ሹማችን ሳቬአ ዘንጉን ተደግፎ ከዛፉ ጥላ ወጣ። «ልጄ ሉፔ፣ ቤትሽ ከዚህ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። መንደርሽን ታውቂያለሽ። ሰሌዳ ተክለናል። ከሰሌዳ በላይ ምን እናድርግ?»

ከሸሚዟ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣሁ። ከመሳፈሩ በፊት ለእንግዳ ሁሉ የሚላከው ምክር ነው። ፓስፖርትዎ ስድስት ወር ይቅረው፣ የመመለሻ ትኬት ይያዙ፣ የአስተናጋጅዎን ደብዳቤ ያሳዩ። እሁድ አይዋኙ። ውኃ ውስጥ ሲራመዱ ጫማ ያድርጉ። የማታ ጸሎት ደወል ሲሰሙ መንገድ ላይ አይሂዱ፤ ባሉበት ተቀምጠው እስከ ሦስተኛው ደወል ዝም ይበሉ።

እያንዳንዱ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ከግርጌው በእጅ ጽሕፈት፣ «ማሪት፣ ሁለቴ አንብቢው። እናትሽ» ይላል።

*

ስልክ የደወልኩት እኔ ነኝ። ለማሪት እናት ስሜንና ከየት እንደምደውል ነገርኳት።

«አውቄዋለሁ» አለች። «ከተሳፈረችበት ቀን ጀምሮ ይህን ስልክ ስጠብቅ ነበር። በምን?»

«ውኃ ነው፣ ወይዘሮ ሃስኬል። መዋኘት በተከለከለበት ቦታ ነው የተገኘችው።»

«አይደለም።»

«ወይዘሮ ሃስኬል…»

«ወረቀቱን በስልክ ጮክ ብላ እንድታነብልኝ አድርጌያታለሁ። ሁለት ጊዜ። ‹እማዬ፣ አሰለቸሽኝ› እያለች አነበበች። እሁድ አይዋኙ ይላል? ይላል። የእኔ ልጅ መንገድ ስትሻገር እንኳ የእግረኛ መብራት የምትጠብቅ ናት። ልጅ አለሽ?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ።»

«እንግዲያው ታውቂያለሽ። ‹ልጅሽ ግድየለሽ ነበረች› ብለሽ ወረቀት ልትሰጪኝ ነው። አውሮፕላኑ ሐሙስ ነው የሚመጣው። እስክደርስ አትዝጊው።»

ስልኩን ዘጋሁ። እኔም እንደሷ ነኝ፤ ፌቱ ጥላ ሥር ስትጫወት ኮኮነት ሲወድቅባት ነው የሚታየኝ። ከእናትነቴ ግማሹ ቁጣ ነው። ትናንት ማታ እንኳ በጸሎት መሐል አፏን ስለከፈተች ጭኗን ቆንጥጫታለሁ። ቁንጥጫው በልዟል።

ሮፓቲ ከጠረጴዛው ማዶ የተቀቀለ የታሮ ሥር ያኝካል። «እስከ ሐሙስ ምን ልናደርግ ነው? ባሕሩን ቃል ልንቀበለው?»

«ከቴዊላ እንጀምር።»

*

ቴዊላ በመቆያ ፈቃዷ ላይ አስተናጋጅ ሆና የፈረመችላት ናት። ሕጋችን እንዲህ ነው፤ የእንግዳ ነገር ከፈረመለት ሰው ራስ አይወርድም። ዓይኗ አብጦ አንሶላ ታጥፋለች።

«ልጄ ነበረች» አለች። «ሳህን ታጥብልኝ ነበር። ከፍላ ተቀምጣ ሳህን የምታጥብ እንግዳ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እሁድ ከምሳ በኋላ የት ሄደች፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ… ያንን ዲርክን ጠይቂው። ባለሸራ ጀልባውን። ቅዳሜ እዚህ በር ላይ ሲጯጯሁ ነበር። ‹ነውረኛ› አለችው። ጣቷን አፍንጫው ሥር ቀስራ ነው።»

«በምን ተጣሉ?»

«በነጮች ቋንቋ ሲፈጥኑ አይገባኝም። ሰውየው ግን ዛሬ ጠዋት ከወደቡ የመውጫ ወረቀት ጠይቋል አሉ።»

ሮፓቲ ታሮውን ዋጠና የመኪናውን ቁልፍ አወጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቸኩል አየሁት።

*

ዲርክ ወደቡ ላይ ገመድ ሲጠቀልል ደረስንበት። ሃምሳ ዓመት ይሆነዋል። ፀሐይ ያሳረረው፣ ሁሉ ነገር የሚያስቀው ዓይነት ሰው ነው። ማሪት መሞቷን ስንነግረው ግን ሳቁ ጠፋ።

«እሁድ ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ። የወደቡ ዘበኛ ከእኔ ጋር ካርታ ሲጫወት ነበር። ከአሥር ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት። ጠይቁት።»

ዘበኛው ከአጠገቡ ሆኖ ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው፣ ሉፔ። አታሎኛልም።»

«ከማሪት ጋር በምን ተጣላችሁ?»

ዲርክ ገመዱን ጣለው። «ቀልድ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ጀልባዋን ከመንደራችሁ ፊት አቁመን ነበር። ደወሉ ተመታ፣ ሁሉም ሰው ጸጥ አለ። ትንሽ ጠጥተናል። ‹እስቲ አንድ ሰው ይንቀሳቀስ እንደሆነ እንይ› አልንና… ጮኽን።»

«ምን ብላችሁ?»

«‹እርዱን፣ ሰጠምን› ብለን። አንድ ግዙፍ ሰውዬ እየሮጠ መጣ፣ ከነሽርጡ ውኃው ውስጥ ገባ፣ ኮራሉ ላይ ወደቀ። ጉልበቱ ደማ። እኛም… ሳቅን። ማሪት ቅዳሜ ዕለት ሰምታ ነው የተሳደበችው። ‹ሄደህ ይቅርታ ጠይቀው› አለችኝ። ልሄድ ነበር።»

«ሄድክ?»

ጎንበስ ብሎ ገመዱን አነሣ።

በዚያ ማታ እኔ ከተማ ተረኛ ነበርኩ። የሰማሁት ፔሳሚኖ በጸሎት ሰዓት መንገድ ላይ ሮጧል፣ ጮኋል ተብሎ በሹማምንቱ ጉባኤ መቀጣቱን ነው። ሁለት አሳማ አርዶ መንደሩን አበላ፤ እናቱም ለቀብሯ ያስቀመጠችውን ውድ ምንጣፍ አስረከበች። ሴቶቹ «ሰክሮ ነው» ሲሉ አምኜ ነበር።

በመኪናው ውስጥ ሮፓቲ ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። «ይሄ ነገር ወዴት እየሄደ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት።

*

ማክሰኞ ሐኪሙ የሟቿን ግራ እግር መብራት ሥር አዙሮ አሳየኝ። ውስጥ እግሯ ላይ ሦስት ነጠብጣብ፣ ዙሪያቸው ጠቁሮ አብጧል።

«ድንጋይ መስሎ የሚተኛው ዓሣ ነው» አለ። «እሾሁ ጫማ ይበሳል። ሕመሙ ጎልማሳ ወንድ ይጥላል። እግሩ አልታዘዛትም፣ ወደቀች፣ ውኃ ዋጠች። ጉልበት በማይሞላ ውኃ ውስጥም ይሞታል።»

«ወዲያው?»

«ወዲያውማ አይደለም። አሥር ደቂቃ፣ ምናልባት ሩብ ሰዓት። እየወደቀች፣ እየተነሣች።» ጓንቱን አወለቀ። «ትጮኻለች። የተነደፈ ሰው ሳይጮህ አይቼ አላውቅም።»

ጣቢያ ተመልሼ የግራ ጫማዋን ገለበጥኩ። ሶሉ ላይ ሦስት ቀዳዳ አለ። ከእግሯ ፎቶ ጋር አስተያየሁት፤ ልክ ነው።

ሮፓቲን ጠራሁት። ቀዳዳዎቹን በጣቱ ዳሰሰ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ስትነደፍ ጫማው እግሯ ላይ ነበር» አለ።

«አዎ። ከዚያ በኋላ ማን አውልቆ ሰሌዳው ሥር ደረደረው?»

«ያ ዓሣ ደግሞ በሩ ጋ አይተኛም። እዚያ ጥልቅ ነው። የሚተኛው…»

«ዝቅተኛው ውኃ ላይ ነው። ከመንደሩ ፊት። ከቤቶቻችን ፊት።»

*

ረቡዕ ወደ ቴዊላ ተመለስኩ። ጫማውን ፊቷ አስቀመጥኩት። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

«በማዶው ዳርቻ ያለችው አክስቴ ጋ ነበር የሄደችው» አለች። «ምንጣፍ መሥራት እየተማረች ነበር። ስትወጣ ‹ከደወል በፊት ተመለሺ› አልኳት። ‹ደወሉ ከቀደመሽ መንገድ ላይ እንዳትታዪ፣ ጎረምሶቹ ይቆጡሻል፣ እኔንም ያስቀጡኛል› አልኳት። እኔ ነኝ ያስፈራራኋት።»

«ስለዚህ በመንገዱ አልመጣችም።»

«ባሕሩ ሸሽቶ ነበር። ውኃው ከቁርጭምጭሚት ብዙም አያልፍም። በዳርቻው በእግሯ ልትመጣ… ጫማ አድርጋ…»

«ለምን ሰኞ አልነገርሽኝም?»

«ሹሙ መጥቶ ነበር» አለች። «‹አንቺ ነሽ የፈረምሽላት፣ መንደሩ ከሚነካ አፍሽን ዝጊ› አለኝ።»

ከዚያ በውኃው ፊት ያሉትን አሥራ አንድ ቤቶች ሁሉ ዞርን። እሁድ ማታ በሁለተኛውና በሦስተኛው ደወል መካከል የት ነበራችሁ? ጸሎት። እናንተስ? ጸሎት። አያቶች፣ አማቶች፣ አጎቶች፣ ሁሉም ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ መዝሙሩን እየዘመሩ። ምንም አልሰማንም፤ የእኛ ቤት ባሶች፣ በወፍራሙ የሚዘምሩት ወንዶች፣ ድምፃቸው ትልቅ ነው። እኔም ቤት እንዲሁ ነበር።

«እንዲህ ያለ ምስክር በሠላሳ ዓመት አልገጠመኝም» አለ ሮፓቲ ደብተሩን ሲከድን። «መንደሩ በሙሉ እግዚአብሔርን ቆጥሯል። እሱን ደግሞ ጣቢያ ጠርቼ ቃሉን መቀበል አልችልም።»

«አንድ ሰው ግን አይዘምርም» አልኩ። «ውጭ ቆሞ የሚጠብቀው።»

*

ፔሳሚኖ ደወሉ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። ደወል የምንለው አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ነው፤ በብረት ይመታል። ሹሙም ከጎኑ ነበር። ጫማውን ሳወጣ ፔሳሚኖ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

«ልጄ፣ እንዳትናገር» አለው ሹሙ።

«ደክሞኛል፣ አባቴ» አለ። ከዚያ ለእኔ ተናገረ፤ ዓይኑን ከሲሊንደሩ አልነቀለም።

«ሁለተኛውን ደወል እንደመታሁ ሰማሁ። ‹እርዱኝ› ይላል። በዚያው በነጮቹ ቋንቋ፣ በዚያው ቃል። ፊቴን ወደ ባሕር አላዞርኩም። ጀልባው ተመልሶ መጣ፣ ሊስቁብኝ ነው አልኩ። ጉልበቴ ገና አልዳነም። እናቴ ምንጣፏን ካስረከበች ጀምሮ አታናግረኝም። ‹ይሳቁ፣ ዛሬ አልነሣም› አልኩ። ጩኸቱ እየራቀ መጣ። ‹አያችሁ፣ ሰለቻቸው› አልኩ በልቤ። ሦስተኛውን ደወል መታሁ። ቤቴ ገብቼ በላሁ።»

«መቼ አወቅክ?»

«ጎህ ሲቀድ። ባሕሩ እንደገና ሸሽቶ ነበር። ጫማዋን አድርጋ ተኝታለች። ወደ ሹሙ ሮጥኩ።»

ወደ ሹሙ ዞርኩ። «እርስዎ ነዎት ወደ በሩ ውሰዳት ያሉት?»

ዘንጉን አሸዋው ውስጥ ተከለው። «እዚያ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳ ካለ ጥፋቱ የእንግዳው ነው። እዚህ ከተገኘች ግን፣ ‹የፋንጋሎሎ ሰዎች እየጸለዩ ሰው አስበሉ› ይባላል። እንዲህ ተብሎ የተጠራ መንደር ስሙን ያድሳል?»

«ሰው ሲሰጥም ተቀመጡ የሚል ሕግ አለን፣ ሹማችን?»

«የለንም! መቼ ነበረን? ባል ሲታመም፣ ሴት ስታምጥ፣ ሁልጊዜ ይሮጣል። የነበረው…»

ዓይኑ ፔሳሚኖ ላይ ወደቀ። የሮጠውን ሰው የቀጣው እሱ ነው።

ፔሳሚኖ እጆቹን አንድ ላይ አድርጎ ለሮፓቲ ዘረጋለት። ሮፓቲ ካቴናውን አላወጣም። በትከሻው ይዞ ወደ መኪናው ወሰደው። ክሱን አስቀድሜ አውቀው ነበር፤ ሁለቱም ሬሳ በማንቀሳቀስ፣ ሐሰተኛ ቃል በመስጠት። ቁጭ ብሎ መስማት የሚባል ወንጀል በመጽሐፋችን ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

*

ሐሙስ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ወይዘሮ ሃስኬል የመግቢያ ወረቀቷን ይዛ ከመስኮቱ ፊት ቆማ አገኘኋት። ትንሽ ሴት ናት፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋለች። «የመጡበት ምክንያት» በሚለው ሥር ሦስት ሳጥኖች ብቻ አሉ፤ ጉብኝት፣ ሥራ፣ ዘመድ ጥየቃ። እስክሪብቶው አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ ምልክት አደረገች።

«ማን ነው አስተናጋጅዎ?» አላት ጸሐፊው።

«እኔ ነኝ» አልኩና ፈረምኩ።

በመኪናው ውስጥ የልጇን ወረቀት ሰጠኋትና ሁሉንም ነገርኳት። ጫማውን፣ ዓሣውን፣ መንገዱን ለምን እንደሸሸች፣ የዲርክን ቀልድ፣ ፔሳሚኖን።

«ስለዚህ የተጻፈውን ሁሉ አድርጋለች» አለች።

«ሁሉንም።»

«እኔ ያሰመርኩበትን ሁሉ።» መስኮቱን ዝቅ አደረገች፣ መልሳ ዘጋችው። «ስንት ደቂቃ ጮኸች?»

«አሥር። ምናልባት አሥራ አምስት።»

«የሰማት እሱ ብቻ ነው?»

«እሱ ብቻ።»

ይህን ስናገር አልዋሸሁም። በዚያ ሰዓት የማውቀው ያንን ነበር።

ቴዊላ ጋ አሳረፍኳት፤ የልጇ ጎጆ ውስጥ ካልተኛሁ ብላ። ወደ ቤት ስገባ ፌቱ ደጅ ላይ ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያው ደወል ተመታ። እግራችንን ታጠብን። ሁለተኛው ተመታ። ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ አባቴ፣ ሁለቱ አክስቶቼ፣ እኔ፣ ፌቱ። አባቴ መዝሙሩን ሊያነሣ ጉሮሮውን ጠረገ።

ፌቱ እጇን ጭኗ ላይ፣ የበለዘው ቦታ ላይ አድርጋ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«እማዬ፣ ዛሬ ሴትየዋ ከጮኸች ልንገርሽ ወይስ ዝም ልበል?»

«የቷ ሴትዮ?»

«የእሁዷ። ‹አንድ ሰው እየጮኸ ነው› ስልሽ የቆነጠጥሽኝ ጊዜ።»

አባቴ መዝሙሩን ጀመረ። አክስቶቼ ተቀበሉት፤ ባሶች ባይሆኑም ድምፃቸው ትልቅ ነው። እሁድም እንዲሁ ዘምረናል። ከሁሉም በላይ የዘመርኩት እኔ ነበርኩ፤ ልጄ ስላሳፈረችኝ።

ተነሣሁ። አባቴ እየዘመረ በእጁ «ተቀመጪ» አለኝ። ፌቱን በእጇ ይዤ ወጣሁ። መንገዱ ባዶ ነው። በፔሳሚኖ ቦታ የቆመው ጎልማሳ ዱላውን አነሣ።

«ሉፔ! ምን ሆነሻል? ጸሎት ነው፣ ተቀመጪ!»

አልቆምኩም። «እማዬ፣ ይቀጡናል» አለችኝ ፌቱ እየተሳበች። «ይቅጡን» አልኳት። በአሥራ አንዱ ቤቶች ፊት አለፍን፤ ከየቤቱ መዝሙር ይወጣል፣ በየበሩ ዓይን ይከተለናል።

ወይዘሮ ሃስኬል ከጎጆው ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፤ እግሯን አጣጥፋ፣ ራሷን ሸፍና፣ ያንን ቀይ የተሰመረበትን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ። ስታየኝ ደነገጠች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች፤ በሌላው እጇ ከጎኗ ያለውን መሬት መታ መታ አደረገች።

«ተቀመጪ እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ። «ሦስተኛው ደወል ገና ነው።»

«ወይዘሮ ሃስኬል» አልኩ ጮክ ብዬ፤ «የሰማት እሱ ብቻ አይደለም።»